ጨዋታ፣ ሸክምና ፊሽካ፤ የልጆች የአካል እንቅስቃሴ በእንጦጦ ማርያም ግርጌ (ታሪካዊ አስተያየት)

መግቢያ

ሕፃን ልጅ መሮጥን ከማንም አይማርም። መቆም እንደ ቻለ ይራመዳል፤ መራመድ እንደ ቻለ ይሮጣል፤ ሲወድቅም ተነሥቶ እንደገና ይሮጣል። ወላጅም መምህርም የሚደክሙት እንዲሮጥ ለማድረግ ሳይሆን ጥቂት ጊዜ እንኳ አርፎ እንዲቀመጥ ለማድረግ ነው። ይኸው ልጅ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሰዓት ሲደርስ ሕመም ያመካኛል፤ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ ይጠብቃል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣም ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ጨርሶ ይለያያል። በሴት ልጅ ዘንድ ይህ ለውጥ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ እየጸናም ይሄዳል።

ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የነበረውን ሁኔታ መርምረው በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆነው የዓለም ተማሪዎች መካከል 81 ከመቶው በቂ የአካል እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ ተገልጿል። ከወንዶቹ 78 ከመቶ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 85 ከመቶ መሆኑ ነው። በቂ ተብሎ የተወሰነው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ፈጠን፣ ትንፋሽን ቆረጥ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው።

በአገራችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። «የእኛ ልጆች በተፈጥሮ ሯጮች ናቸው፤ ተራራው ራሱ መምህራቸው ነው» ይባላል። የሮምና የቶኪዮ፣ የሞስኮና የባርሴሎና ድሎች ለዚህ አባባል ምስክር ሆነው ይቀርባሉ። ይህ ጽሑፍ የሚሞክረው አባባሉ ሙሉ እውነት አለመሆኑን ማሳየት ነው። ተራራ ማንንም አያስተምርም። አንዱ ዳገት አንዱን ልጅ ሯጭ ሲያደርገው ሌላዋን ልጅ ወገቧን ያጎብጣታል። ልዩነቱ ከዳገቱ ሳይሆን ልጁ ዳገቱን ከሚወጣበት ሁኔታ የመነጨ ነው። ለዚህም ከእንጦጦ ማርያም የተሻለ ማስረጃ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው።

ተራራውና ሸክሙ

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የተራራ ሰንሰለት ነው። ወደ ምሥራቅ ሲዘረጋ የየካን ክፍለ ከተማ ከበላይ ሆኖ ይመለከታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ፊንፊኔ ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙት በዚሁ ተራራ ላይ ነበር። የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በዚያ ዘመን ተሠርታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱና ሠራዊቱ ከብርዱና ከነፋሱ ሸሽተው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። ተራራው ግን ለከተማይቱ ሁለት ነገሮችን ሲያበረክት ኖሯል፤ አንደኛው ጠበልና በረከት፣ ሁለተኛው ማገዶ ነው።

የማገዶው ነገር ከልጆች ሰውነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። የአገሩ ዛፍ ተመንጥሮ ከተማይቱ በማገዶ እጦት ልትፈታ በተቃረበችበት በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ፈጥኖ የሚያድግ በመሆኑም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የእንጦጦን ወገብ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅሞ፣ አስሮና በጀርባ ተሸክሞ ወደ ከተማ ማውረድ የድኾች ሴቶች መተዳደሪያ ሆነ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ይበልጣል። ተሸካሚዋ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ ትወርዳለች። በማግስቱ ደግሞ ባዶ ገመዷን ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ከእናቶቹ ጋር ትንንሽ ልጆች ነበሩ፤ ዛሬም ቁጥሩ ይቀንስ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም።

ይህችን ልጅ በሥነ ልክ ብቻ የሚመለከት ሰው ቢገኝ ምን ይል ነበር? በየቀኑ ዳገት ትወጣለች፤ ልቧ ይመታል፤ ላብ ያጠልቃታል፤ የ60 ደቂቃው መመዘኛ በእርሷ ላይ ብዙ እጥፍ ሞልቷል። በእንቅስቃሴ መጠን ከሆነ ከማንም ሀብታም ልጅ ትበልጣለች። ነገር ግን ይህ እንቅስቃሴ ፍቅርን አልፈጠረባትም። አንድ ቀን ከሸክሙ ብትላቀቅ፣ ለደስታዋ ብላ ያንን ዳገት መልሳ እንድትወጣ የሚያደርጋት ምክንያት የለም። እንዲያውም ዕረፍት ማለት ለእርሷ አለመንቀሳቀስ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ ልጅ እንቅስቃሴን የሚወደው ስለ ተንቀሳቀሰ አይደለም። ማን አዘዘው፣ ከማን ጋር ነው፣ መተው ይችላል ወይ፣ ሲጨርስ ምን ይሰማዋል የሚሉት ጥያቄዎች ከእርምጃው ብዛት ይቀድማሉ። የገጠሩንና የከተማ ዳሩን ልጅ ድካም እያዩ «የአካል እንቅስቃሴ አያንሰውም» ማለት ሥራን ከጨዋታ ጋር ማምታታት ነው።

ትምህርት ቤት ያልሠራው ትምህርት

ሥራ ብቻውን ፍቅርን ካልፈጠረ፣ የአባቶቻችን ልጆች መሮጥን የወደዱት ከምን ነበር? መልሱ ከጨዋታ ላይ ይገኛል።

የኢትዮጵያ ልጆች ጨዋታ ብዙ ነው። ድብብቆሽ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ትግል፣ ቅልብልቦሽ፣ የጨርቅ ኳስ እያልን ብንቆጥር ወረቀት አይበቃንም። ፈረንሳዊው የሰው ዘር ባህል ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል በአገራችን ተዘዋውሮ ያየውን ጨዋታ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1935 በአንድ መጽሐፍ ማውጣቱ፣ ነገሩ ለጥናት የሚበቃ ሀብት መሆኑን ቀድሞ የተረዳ ሰው እንደ ነበረ ያሳያል። በቡሄ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹና ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ በእንቁጣጣሽ ደግሞ ልጃገረዶች አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ሰፈሩን ያዳርሳሉ። እነዚህ ሁሉ በዘፈን የተሸፈኑ ረጅም ጉዞዎች ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ ለጉዳያችን የሚጠቅመው የገና ጨዋታ ነው። ጨዋታው በልደት በዓል ሰሞን በሁለት ወገን፣ ብዙ ጊዜም በሁለት መንደር መካከል ይደረጋል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ የያዙ ተጫዋቾች ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ድንበር ለማድረስ ይሽቀዳደማሉ። በገጠር የሁለቱ ወገን ድንበር ተራርቆ አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ ጨዋታው የሩጫ ውድድር ጭምር ነበር። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ፤ በጨዋታው መካከል ለተሰነዘረ ቃል ጌታ እንዳይቆጣ ልማዱ ያዝዛል።

ይህን ጨዋታ እንደ መምህር ብንመረምረው አራት ጠባዮች ይታዩበታል። አንደኛ፣ ለመግባት ምርጫ የለውም፤ ዱላ የያዘ ሁሉ ይገባል፤ ፈጣኑ ከፊት ይሮጣል፤ ዘገምተኛው ከኋላ ሆኖ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ ሕጉን የሚጠብቁት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ጠብ ሲነሣም አስታራቂ ሽማግሌ ከመካከላቸው ይወጣል። ሦስተኛ፣ ወቅት አለው፤ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ሲናፍቀው ይከርማል እንጂ አይሰለቸውም። አራተኛ፣ አዋቂው ይመለከተዋል፤ የልጁ ሩጫ የመንደሩ ጉዳይ ይሆናል።

ጨዋታው እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ዱላ ጥርስ ሰብሯል፤ ጠብም አስነሥቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሜዳው የወንዶች ነበር። የሴት ልጅ ጨዋታ ከቤት ደጃፍ ብዙ እንዳይርቅ ልማዱ ወሰን አበጅቶለት ነበር፤ ውኃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ሲሆን ግን ያ ወሰን አልከለከላትም። ለሥራ ሩቅ መሄድ የተፈቀደላት ልጅ ለጨዋታ መራቅ ሳይፈቀድላት ቀረ። ዛሬ በሴቶች ልጆች ላይ የሚታየው የእንቅስቃሴ ጉድለት ከዚህ ጥንታዊ አድልዎ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ሰልፍና ፊሽካ

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህን የጨዋታ ሀብት አልወረሰም። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ወደ አገራችን የገባው በሌላ በር ነው።

በአውሮፓ 19ኛው ክፍለ ዘመን የትምህርት ቤት ጅምናስቲክ ያደገው ከጦር ሠራዊት ፍላጎት ጋር ተያይዞ ነበር። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጅምናስቲክ ማሠልጠኛ ተቋም ሲያቋቁም፣ መምህራንንም የጦር መኮንኖችንም በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሥርዐቱ በረድፍ መቆምን፣ በአንድ ቃል መንቀሳቀስን፣ አቋምን ማረምን የሚያስቀድም ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶችና የጦር ሠፈሮች ተዛመተ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከቋንቋዎችና ከሒሳብ ጋር የአካል ማሠልጠኛም ይሰጥ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ኋላም የእንጦጦን ስም የወሰደው፣ ቀጥሎም የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት አስፋፉ። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የክብር ዘበኛን ዕጩ መኮንኖች በአካል ማሠልጠኛ ያስተምር ጀመር።

የወታደሩ ሜዳና የተማሪው ሜዳ ምን ያህል እንደ ተወራረሱ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። «ተጠንቀቅ»፣ «አሳርፍ»፣ «ቀኝ ዙር» የሚሉት ትእዛዞች ከጦር ሠፈር ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ገብተው እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ፊሽካውም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው። ይህ አሠራር ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ብዙ ተማሪ በጥቂት መምህር እንዲንቀሳቀስ አስችሏል፤ ሥርዐትን አስተምሯል፤ መሣሪያ በሌለበት ግቢ ሁሉ ሊሠራ የሚችል ነበር። ነገር ግን ልጁ በዚህ ሜዳ ላይ የሚወስነው አንዳች ነገር አልነበረውም። ሲነፋ ይነሣል፤ ሲነፋ ይቆማል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ እንቅስቃሴ የቅጣት መሣሪያ መሆኑ ነው። ያረፈደ ተማሪ ሜዳውን እንዲዞር፣ የረበሸ እንዲንበረከክ ወይም ቁጢጥ ብሎ እንዲዘል የማዘዝ ልማድ በብዙ ትምህርት ቤቶች ታይቷል። ማንም መምህር ያጠፋን ተማሪ «ቅጣትህ አንድ ምዕራፍ ታሪክ ማንበብ ነው» ቢለው ንባብን እንደሚያስጠላው ያውቃል። ስለ ሩጫ ግን ይህ ዕውቀት ይዘነጋል። ዛሬ ለቅጣት የሮጠ እግር ነገ ለደስታ እንዲሮጥ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የባዶ እግሩ ድልና ጠባቡ በር

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ድሉን ደገመ። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ፣ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ተከተሉ። ከእነዚህ ድሎች በኋላ በየሰፈሩ ሲሮጥ የታየ ልጅ ሁሉ በአንድ ሯጭ ስም መጠራት ጀመረ።

ይህ ታላቅ ኃይል ነው። ነገር ግን የድሉ ታሪክ በትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ተነበበ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከኒስካነን ሥልጠና የተወሰደው የሰዓት መለኪያውና ምርጫው ሲሆን፣ ከአበበ ልጅነት የተወሰደው ግን ጥቂት ነው። አበበ በሸዋ ጃቶ በተባለ መንደር አድጎ፣ በልጅነቱ ያንን ድንበሩ የተራራቀ የገና ጨዋታ ይጫወት እንደ ነበር የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ወደ ወታደር ቤት ሲገባ አሠልጣኙ ያገኘው ከመጀመሪያው ሩጫን የማያውቅ ወጣት ሳይሆን፣ ሩጫን በጨዋታ የጠገበ ወጣት ነበር። ሥልጠናው የተተከለው በለማ መሬት ላይ ነው።

ይህ እንዲሁ ለአንድ ሰው ብቻ የተነገረ እንዳይመስል ሌላ ማስረጃ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ አትሌቲክስ ቡድን አባላትን ከ111 ሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ ከሦስት ሁለት እጅ የሚበልጡት በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ይሄዱ እንደ ነበር ሲገለጽ፣ ከሌሎቹ ግን እንዲህ ያደረጉት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከአሰላ አጠገብ ካለው መንደሩ ወደ ትምህርት ቤት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ደብተሩን በግራ ክንዱ ሥር የያዘበት አኳኋን በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ እንኳ አልለቀቀውም።

ይህን የሚያነብ ሰው «እንግዲያው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ይሁን» ሊል አይገባውም። መንገዱ የረዘመባቸው ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ትተው ቀርተዋል፤ የእነርሱ ታሪክ በሜዳሊያ አይጻፍም። ሩጫው ልጁን የጠቀመው መንገዱ ከጓደኛ ጋር የሚሄዱበት፣ የሚሽቀዳደሙበትና መጨረሻው የሚወዱት ነገር የሆነ እንደ ሆነ ነው። ባዶ ገመድ ይዛ እንጦጦን የምትወጣውም ልጅ እኮ ሩቅ ትሄዳለች።

በአርሲ በቆጂ የታየው ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባትን ያችን ትንሽ ከተማ ከሌሎች ደጋ ከተሞች የለያት ከፍታዋ ብቻ አይደለም። በዚያ በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት የጀመረ ስንታየሁ እሸቱ የተባለ አንድ አሠልጣኝ ሴትና ወንድ ልጆችን በአንድ ላይ እየሰበሰበ፣ ዓመት ከዓመት ሳያቋርጥ ያሠለጥን ነበር። ደጋ በኢትዮጵያ ሞልቷል፤ የጎደለው እንዲህ ያለ ጽኑ መምህር ነው።

የምርጫው ጉዳት ግን ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ትምህርት ቤት ዓላማውን ሯጭ ማውጣት ብቻ ሲያደርገው፣ ከመቶ ልጆች ሁለቱ ይመረጣሉ፤ ዘጠና ስምንቱ ደግሞ አለመመረጣቸውን ይማራሉ። በየውድድሩ መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የሚቀስመው ዋና ዕውቀት «ይህ ነገር ለእኔ አይደለም» የሚል ይሆናል። እርሱም ከሜዳው ዳር ሄዶ ልብስ ጠባቂ ይሆናል።

የአበበ ቢቂላ ሕይወት ለእነዚህ ለዘጠና ስምንቱም መልስ አለው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ድል ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያ ያበቃ ነበር። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር በተደረገው የስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ፤ በ1971 ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር የውሻ ጋሪ ሽቅድምድም አሸነፈ። ተማሪዎቻችን የሮሙን ባዶ እግር በቃላቸው ያውቁታል፤ ይህን የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ብዙዎቹ አልተነገራቸውም። አካሉ የተጎዳ ልጅ የሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት ሲደርስ በክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲቀር በሚደረግበት ትምህርት ቤት፣ መነገር ያለበት በመጀመሪያ ይህ ነበር።

ሜዳ የሌለው ጨዋታ

ፍቅሩ ቢኖርም ቦታ ያስፈልገዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ኅዳር 1971 ዓ.ም. ባወጣው ቻርተር የአካል ማጎልመሻ ትምህርትና ስፖርት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን ደንግጓል። መብት ግን መሬት ላይ ካልቆመ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ከእንጦጦ በታች ያለው ጃን ሜዳ የጥምቀት በዓል፣ የፈረስ ሽቅድምድም፣ የገና ጨዋታና የአገር አቋራጭ ሩጫ ሜዳ ሆኖ ለብዙ ትውልድ አገልግሏል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ፤ ከወራት በኋላ፣ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲባል ተነሣ። ችግሩ አስገዳጅ ነበር፤ ሆኖም አንድ ሜዳ ሲያዝ ስንት ሺህ ልጅ መጫወቻ እንደሚያጣ ለማየት አጋጣሚ ሰጥቷል። ከተማው ሲጠብ በየሰፈሩ ያሉት ትንንሽ ሜዳዎች ግን ዳግመኛ አይመለሱም። የካልሲ ኳስ የምትጠለዝበት ባዶ ቦታ ቤት ሲሠራበት ማንም አይቆጥረውም።

በሌላ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ሺህ ተራ ሰው አሸንፎ ሳይሆን ተሳትፎ የሚደሰትበትን ሩጫ አስለምዷል፤ ለልጆችም የራሳቸውን ውድድር አበጅቷል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ ያንን የሸክም ተራራ የመናፈሻ ተራራ ለማድረግ የታሰበ ነው። በማለዳ በባሕር ዛፉ መካከል አትሌቶች ይሮጣሉ። በአንድ መንገድ ላይ ሯጩና ጭራሮ ተሸካሚዋ ሲተላለፉ መታየታቸው የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ በዓይን የሚታይበት ነው። ጥያቄው የተሸካሚዋ ልጅ በዚያ መናፈሻ ውስጥ መቼ ተጫዋች ሆና ትገባለች የሚለው ነው።

ለመምህሩ የሚቀርብ አሳብ

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍና ከዚያ በኋላ ባካሄዱት ምርምር፣ ሰው አንድን ሥራ ወዶ እንዲቀጥልበት ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጉት አስረድተዋል። በፈቃዱ የሚሠራው መሆኑ፣ እችላለሁ የሚል ስሜት ማግኘቱና ከሌሎች ጋር መተሳሰሩ ናቸው። አንባቢ ልብ ቢል እነዚህ ሦስቱ ከገና ጨዋታ ጠባዮች ጋር ይገጥማሉ። በሸክሙ ላይ ሦስቱም ይጎድላሉ፤ በፊሽካው ሜዳ ደግሞ የመጀመሪያው ጨርሶ የለም፤ ሁለተኛው ለጥቂቶች ብቻ ይደርሳል።

በመሆኑም በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ኳስና በስልሳ ተማሪ ላይ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናቀርባለን።

1ኛ. ተማሪው ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ ይቀነስ። አንዱ ኳስ በሃያ ሁለት ልጆች ሲያዝ ሠላሳ ስምንቱ ተመልካች ይሆናሉ። በዚያው ሰዓት ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና የልብስ ቁራጭ ኳስ በየማዕዘኑ ቢኖሩ ሁሉም ይንቀሳቀሳል፤ የሚጫወተውንም ራሱ ይመርጣል።

2ኛ. ልጁ ከራሱ ጋር ይወዳደር። በመስከረም ሜዳውን በስንት ደቂቃ እንደ ዞረ በደብተሩ ይጻፍ፤ በጥርና በሰኔም ይድገመው። ከክፍሉ መጨረሻ የሚወጣው ልጅ እንኳ ከመስከረም ራሱ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

3ኛ. እንቅስቃሴ ለቅጣት አይዋል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከነገ ጀምሮ ሊፈጸም የሚችል ማሻሻያ ነው።

4ኛ. ሴቶች ልጆች ጨዋታውን በመምረጥ ይሳተፉ። የሚለብሱት፣ የሚጫወቱበት ቦታና ከማን ጋር እንደሚጫወቱ ራሳቸው ተጠይቀው ይወሰን። ከትምህርት በኋላ ውኃና እንጨት የሚጠብቃት ልጅ በትምህርት ሰዓት ውስጥ የምታገኘው ጨዋታ ምናልባት የቀኑ ብቸኛ ጨዋታዋ መሆኑን መምህሩ ይወቅ። ደክሟት በመጣችበት ቀንም ሰነፍ አይበላት።

5ኛ. የሰፈሩ ጨዋታ ወደ ትምህርት ቤት ይግባ። በታኅሣሥ የገና ጨዋታ ቀላል በሆነ ዱላና በጨርቅ ሩር፣ ዱላ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ ተወስኖ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም ቢዘጋጅ፣ ሽማግሌዎችም ሕጉን እንዲያስረዱ ቢጋበዙ፣ የታሪክና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

መምህራንን ማሠልጠን የዚህ ሁሉ መሠረት ነው። በ1935 ዓ.ም. የመጀመሪያ ከሆኑት የአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ የተከፈተባት ኮተቤ ዛሬ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ የምትገኘውም በዚያው በየካ ነው። ከዚያ የሚመረቅ መምህር ፊሽካ መንፋት ብቻ ሳይሆን የልጆችን ጨዋታ ተመልክቶ መመዝገብና ወደ ትምህርት መለወጥ ቢማር፣ የምርምር ሥፍራው ከደጁ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው በእንጦጦ ዳገት ላይ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ በታሪክ ተገናኝቷል። ሸክሙ ሰውነትን አድክሞ ልብን ባዶ አስቀርቷል። ፊሽካው ሥርዐትን አስተምሮ ምርጫን ነሥቷል። ጨዋታው ግን ያለ ደመወዝና ያለ ትእዛዝ ልጆችን እስከ ማታ ሲያሯሩጥ ኖሯል፤ የሮምን ባለ ድል እንኳ በመጀመሪያ ያሯሯጠው እርሱ ነው።

ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውጤት በሜዳሊያ ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባውም። ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም ሳያዝዘው ይንቀሳቀሳል ወይ? ይህ ነው መለኪያው። ከዚህም በላይ የሚከብደው መለኪያ፣ ያች ገመድ ይዛ እንጦጦን ትወጣ የነበረችው ልጅ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ፣ ከጓደኞቿ ጋር እየተሽቀዳደመች፣ ወድዳ ያንኑ ዳገት ስትወጣው ለማየት መብቃታችን ነው።